ስለ መስክ ትምህርትና ስለ ተማሪዎች ደስታ

በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ስለ ልጆች ምግብና ልብስ፥ ስለ ጠባያቸውና ስለ ጤናቸው ብዙ ጊዜ ተናግረናል። ዛሬ ደግሞ አንድ ወዳጃችን ባቀረበልን ጥያቄ ምክንያት፥ ተማሪዎች ከክፍላቸው ወጥተው በዱርና በሜዳ፥ በወንዝ ዳርና በኰረብታ ላይ ሆነው ስለ ዛፉና ስለ አፈሩ፥ ስለ ውኃውና ስለ አራዊቱ ስለሚማሩት ትምህርት ጥቂት ልንናገር ወደድን። ይህን ትምህርት በአጭር ቃል የመስክ ትምህርት እንለዋለን።

ወዳጃችን በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከፍ ያለ ሥራ ያለው፥ ልጆቹንም በመልካም ሥርዐት የሚያሳድግ ሰው ነው። የዐሥራ አንድ ዓመት ልጁ ከትምህርት ቤት ጓደኞችዋ ጋራ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ ደን ሄዳ ዋለች። ማታ ስትመለስ ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ፥ ቀሚስዋን እሾኽ ቧጭሮት፥ በመሐረብዋም ጫፍና ጫፍ ሁለት እፍኝ አፈር ለየብቻው ቋጥራ ነበር። እናትዋ ስለ ቀሚሱ ተቈጣቻት፤ ሠራተኛዪቱም በመሐረቡ ያለው ቆሻሻ መስሏት ከደጅ ደፍታ መሐረቡን አጠበችው። አባትዋ በእራት ጊዜ «ምን ተማራችሁ?» ብሎ ቢጠይቃት፥ «ደስ አለኝ፥ አባባ» ብላ ዝም አለች። ደግሞም ቢጠይቃት ከዚህ የበለጠ ቃል አላገኘም።

ጥቂት ቀን ቈይቶ ከትምህርት ቤቱ አንድ ወረቀት መጣ። ተማሪዎቹ ወደ ሌላ ደን ሄደው ሁለት ሌሊት እንዲያድሩ ወላጆች እንዲፈቅዱና እንዲፈርሙ የሚጠይቅ ነበር። ወዳጃችን ወረቀቱን በኪሱ ይዞ ወደ እኛ መጣና እንዲህ አለን። «እኔ ልጄን ደስ እንዳይላት የምፈልግ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ደስታ በቤትም አለ። አንድ ሙሉ ቀን ከመጽሐፍዋ ተለይታ ውላ ይዛው የተመለሰችው ደስ አለኝ የሚል ቃል ብቻ ከሆነ፥ ሁለት ሌሊት ከቤት ወጥታ የምታድረው ስለ ምንድር ነው? ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም እንደሚባለው፥ በልጅ ቃል ብቻ እንዴት አድርጌ እፈርማለሁ?»

ይህ ጥያቄ የእርሱ ብቻ ሳይሆን የብዙ አባቶችና እናቶች ጥያቄ ስለ ሆነ፥ በችኰላ ልንመልስለት አልወደድንም። መርምረን ያገኘነውንና ከልጂቱም የሰማነውን በተራ እንናገራለን።

በመጀመሪያ የወዳጃችን ጥርጥር ከንቱ እንዳልሆነ መመስከር ይገባናል። ተማሪ በመስክ ውሎ ሲመለስ ደስ የሚለው በብዙ ምክንያት ነው። ከክፍል መውጣቱ ብቻውን ደስ ያሰኘዋል፤ ከጓደኞቹ ጋራ በመኪና ላይ መዝፈኑ፥ ስንቁን በሣር ላይ ተቀምጦ መብላቱ፥ መሮጡና መጮኹ ሁሉ ደስታ ነው። ስለዚህ አስተማሪዎች ከጉዞው በኋላ «ጉዞው ደስ አሰኝቷችኋልን?» የሚል ወረቀት አድለው ተማሪዎቹ ሁሉ «አዎን» ብለው ቢመልሱ፥ ይህ መልስ ጉዞው እንዳላስከፋቸው ያስረዳል እንጂ ምን እንደ ተማሩ አያስረዳም። ሠርግ ውሎ የመጣ ልጅም «ደስ አለኝ» ይላልና።

ነገር ግን ደስታና ትምህርት እርስ በርሳቸው ጠላቶች አይደሉም። ደስታ የትምህርት በር ነው። በሩ ተከፈተ ማለት እንግዳው ገባ ማለት አይደለም፤ በሩ ከተዘጋ ግን እንግዳው ከቶ አይገባም። እንግዲህ መጠየቅ የሚገባን ልጁ ደስ መሰኘቱን ብቻ ሳይሆን፥ በደስታው በር ምን እንደ ገባና የገባው ነገር በቤታችን ምን ያህል ቀን እንደሚያድር ነው።

ይህ አሳብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የቅኔ ተማሪ ቅኔ ለመቍጠር ከጉባኤው ተለይቶ ወደ ዛፍ ጥላ፥ ወደ ወንዝ ዳር፥ ወደ ጫካ ይሄዳል። ንቡን ከአበባው፥ ወንዙን ከምንጩ ጋራ እያስተያየ ለሰሙና ለወርቁ የሚስማማ ምሳሌ ይፈልጋል። በዚያ ብቻውን ሆኖ ምሳሌውን ባገኘ ጊዜ የሚሰማው ደስታ ታላቅ ነው። ይሁን እንጂ የዚያ ቀን ትምህርት በጫካ አይፈጸምም። ተማሪው ተመልሶ የቈጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ የጐደለውን ይሞላለታል፥ የተጣመመውን ያቃናለታል፥ መልካም የሆነውንም ያመሰግንለታል። የሚሰማው መምህር ባይኖር ግን፥ ቀኑን ሙሉ የደከመበት ነገር ነፋስ እንደ በተነው ገለባ በሆነ ነበር። አባቶቻችን መውጣትንና ተመልሶ መናገርን ሁለቱን አስተሳስረው የአንድ ትምህርት ክፍል አድርገዋቸዋል።

የገጠር ልጅም ከብት ሲጠብቅ የትኛው ቅጠል ከብትን እንደሚነፋ፥ የትኛው እንጨት ለሞፈር እንደሚሆን፥ ደመናው ሲጠቍር ዝናሙ ከየት በኩል እንደሚመጣ ከታላላቆቹ ጋራ እየዋለ ይማራል። የከተማ ልጅ ግን ይህ ሁሉ ቀርቶበታል። እንጀራ ከጤፍ እንደሚጋገር ያውቃል፤ የጤፍን ቡቃያ ከሣር ለይተህ አሳይ ቢባል ግን ያፍራል። ስለዚህ ትምህርት ቤት ልጆችን ወደ ሜዳ ሲያወጣ አዲስ ልማድ ማምጣቱ ሳይሆን የጠፋባቸውን መመለሱ ነው።

በውጭ አገርም ስለዚህ ነገር ብዙ ሊቃውንት ደክመዋል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል። በ1592 ተወልዶ በ1670 የሞተው የሞራቪያው መምህር ኮሜኒዩስ፥ ሰው ዕውቀትን ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከሰማይና ከምድር፥ ከዛፎችም መማር እንደሚገባው አስተምሯል። በእኛ ዘመን አቅራቢያ ደግሞ ከጀርመን አገር ተሰዶ በእንግሊዝ የተቀመጠው ኩርት ሐን፥ ሎረንስ ሆልት ከተባለው የመርከብ ባለቤት ጋራ ሆኖ በ1941 በዌልስ አገር በአበርዶቪ ከተማ ወጣቶች በባሕርና በተራራ የሚማሩበትን አውትዋርድ ባውንድ የተባለውን ትምህርት ቤት አቋቋመ። ዘመኑ የጦርነት ዘመን ነበርና፥ አሳባቸው መርከባቸው በጠላት ቢሰጥም እንኳ ወጣት መርከበኞች ተስፋ ሳይቈርጡ ሕይወታቸውን እንዲያድኑ ማጽናት ነበር። በኋላም ይኸው ትምህርት በብዙ አገሮች ተስፋፋ።

ከዚያ ወዲህ የመጡ ተመራማሪዎች ግን ትምህርቱ መልካም ነው ብሎ በማመስገን ብቻ ሳይወሰኑ፥ ለማን፥ መቼና በምን አኳኋን እንደሚጠቅም መመዘን ጀመሩ። ካገኙትም ነገር ለወላጆች የሚጠቅመውን ሦስቱን ብቻ እናነሣለን።

አንደኛው ይህ ነው። በ1978 ጆን ፎክ የተባለው አሜሪካዊና ባልንጀሮቹ ልጆችን በደን ውስጥ እያስተማሩ መረመሩ። ደን የለመዱ ልጆች የተሰጣቸውን ትምህርት ሲይዙ፥ ደን ከቶ ያልለመዱ ልጆች ግን ዓይናቸውና ልባቸው በአዲሱ ቦታ ተይዞ ትምህርቱን አሳንሰው ያዙ። በክፉ ጠባይ ወይም በስንፍና አልነበረም፤ ሰው አዲስ ቤት በገባ ጊዜ አስቀድሞ ጣራውንና ግድግዳውን ሳያይ ጨዋታ እንደማይሰማ ያለ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ጉዞ «ደስ አለኝ» ከማለት በቀር ምንም ያልተናገረ ልጅ አልተማረም ተብሎ ሊፈረድበት አይገባም። ቦታውን መልመዱ ራሱ የመጀመሪያው ትምህርት ነው፤ ሁለተኛው ጉዞ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው፥ በ1997 ይኸው ፎክ ከሊን ዲርኪንግ ጋራ ሆኖ 128 ልጆችንና ዐዋቂዎችን በታናሽነታችሁ ከትምህርት ቤት ጋራ የሄዳችሁበትን ጉዞ ታስታውሳላችሁን ብሎ ጠየቃቸው። ከመቶው 96ቱ አንዱን ጉዞ ያስታውሱ ነበር። ከተጠየቁት መካከል ከጉዞው በኋላ ብዙ ዓመት ያለፋቸው ዐዋቂዎች እንደ ነበሩ ስናስብ፥ የመስክ ቀን በሰው ልብ ምን ያህል ሥር እንደሚሰድድ እንረዳለን። ወላጅ የሆነ አንባቢያችን ሁሉ በልጅነቱ በክፍል ተቀምጦ ከዋለበት ቀን ስንቱን እንደሚያስታውስ ራሱን ይጠይቅ።

ሦስተኛው ግን የሚያስጠነቅቅ ነው። በአሜሪካ አገር በቴነሲ በታላላቆቹ ስሞኪ ተራሮች ውስጥ ትሪሞንት የተባለ የመስክ ትምህርት ማዕከል አለ። በዚያ ሦስት ወይም አምስት ቀን ሰንብተው የሚማሩ ተማሪዎችን ተመራማሪዎች መርምረው በ2008 ያገኙትን ጻፉ። ተማሪዎቹ ከማዕከሉ በወጡበት ጊዜ ለተፈጥሮ ያላቸው ፍቅርም ለመማር ያላቸውም ትጋት ከፍ ብሎ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ግን እንደ ገና ቢጠየቁ፥ ከፍ ካለው አንዳንዱ ጸንቶ ሲገኝ አንዳንዱ ቀዝቅዞ ተገኘ። ብዙ ቀን የሰነበቱት ጥቂት ቀን ከሰነበቱት ይልቅ ብዙ አትርፈው ነበር። እንግዲህ ደስታ ብቻውን ሲቀር እንደ ገለባ እሳት ነው፤ ቶሎ ይነዳል፥ ቶሎም ይበርዳል። እሳቱን የሚያቈየው ከተመለሱ በኋላ የሚጨመርበት እንጨት ነው።

ይህንኑ በ2004 በእንግሊዝ የታተመ አንድ ትልቅ ምርመራ አጽንቶታል። ማርክ ሪኪንሰንና ባልንጀሮቹ ከ1993 እስከ 2003 በልዩ ልዩ አገር የተደረጉ 150 ጥናቶችን አሰባስበው ሲያነብቡ፥ የመስክ ትምህርት በሚገባ ከታሰበበት፥ አስቀድሞ ከተሰናዳ፥ በመልካም አስተማሪ ከተሰጠና ከተመለሱም በኋላ ከቀጠለ በክፍል የማይገኝ ዕውቀት እንደሚሰጥ አስረዱ። ደግሞም ተማሪ ሁሉ አንድ እንዳይደለ፥ የአንዱ ደስታ ለሌላው ፍርሃት ሊሆን እንደሚችል አመለከቱ። ጨለማን፥ እባብን፥ ጥልቅ ውኃን የሚፈራ ልጅ አለ፤ ሳቢያው ሳይታወቅለት ሰነፍ ተብሎ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ለወዳጃችን ከነገርነው በኋላ ልጂቱን ራስዋን ለመጠየቅ ፈቃድ ለመንነው፤ እርሱም ፈቅዶ በእሑድ ቀን ከቤቱ ጠራን። ቡና ተፈልቶ፥ አባትም እናትም በተቀመጡበት ልጂቱን አስጠራናት። «ምን ተማርሽ?» ብለን አልጠየቅናትም። አስቀድመን «ምን አየሽ?» አልናት፤ ቀጥሎም «በእጅሽ ምን ሠራሽ?» ብለን ጠየቅናት።

ልጂቱ በመጀመሪያ አፍራ ወደ መሬት ትመለከት ነበር። በኋላ ግን ቀስ በቀስ እንዲህ ስትል ነገረችን። «አስተማሪያችን ሁለት ጆግ ውኃ አስቀዳን። አንዱን ሣር በሌለበት ገላጣ ቁልቁለት ላይ አፈሰስነው፤ ሁለተኛውን ከዛፍ በታች ቅጠልና ሣር በሸፈነው ቁልቁለት ላይ አፈሰስነው። በገላጣው በኩል ያለው ቀይ ጭቃ ሆኖ ሮጦ ወረደ። በሣሩ በኩል ያለው ግን ወዴት እንደ ገባ አጣነው፤ ቈይቶ ጥቂት ብቻ ጠርቶ ወጣ። አስተማሪያችንም አፈሩን በእጃችን እንድንይዘው አዘዘን። የገላጣው እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነው፤ የዛፉ ሥር ግን ለስላሳ ነው፥ ትንንሽ ትሎችም አሉበት። እኔም አባባን ላሳየው ብዬ ከሁለቱም ቋጥሬ አምጥቼ ነበር» አለችና ዝም አለች።

ከዚያ በኋላ በቤቱ ውስጥ ጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። እናትዋ ወደ ሠራተኛዪቱ ተመለከተች፤ ሠራተኛዪቱም ወደ ረከቦቱ አቀረቀረች። አባትዋ «ታዲያ ልጄ፥ ያን ዕለት ስጠይቅሽ ይህን ስለ ምን አልነገርሽኝም?» አላት። እርስዋም «አባባ፥ ልነግርዎ ነበር። አፈሩ በተደፋ ጊዜ ግን የማሳይዎ ነገር አጣሁ። ደግሞም ምን ተማራችሁ ሲሉኝ ፈተና መሰለኝና ፈራሁ» ብላ መለሰች።

ወዳጃችን የሚሠራበት መሥሪያ ቤት በየክረምቱ ጐርፍ ስለሚያፈርሳቸው ድልድዮችና መንገዶች ወረቀት የሚቀርብበት ቦታ ነው። ልጂቱ ያየችው በጆግ የፈሰሰ ውኃ ቢሆንም፥ እርሱ በየዓመቱ ስለ እርሱ የሚፈርምበት ጐርፍ ከዚያው የመጣ እንደ ሆነ ገባው። «ልጄ በአንድ ቀን በእጅዋ የዳሰሰችውን እኔ ስንት ዓመት በወረቀት ሳነበው ኖርሁ» አለን።

ጥያቄያችን ግን በዚህ አላበቃም። «ያላስደሰተሽስ ምን ነበር?» ብለን ጠየቅናት። ብዙ ሰዎች ይህን ጥያቄ ይፈሩታል፤ ልጁን ማጉረምረም ያስተምረዋል ይላሉ። እኛ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ጥያቄ ይመስለናል። ልጂቱም ሦስት ነገር ነገረችን። የሚያስረዳቸው ሰው እነርሱን አቁሞ ረዥም ጊዜ ስለ ተናገረ ከኋላ የነበሩት ምንም አልሰሙም። የመጠጥ ውኃ ከቀትር በፊት አለቀ። ለሴቶች ልጆች የተሰናዳ መጸዳጃ ስላልነበረ ብዙዎቹ ላለመቸገር ብለው በጧት ውኃ ሳይጠጡ ቀሩ። ይህን የመሰለ ነገር በማመስገኛ ወረቀት ላይ አይጻፍም፤ ለሚቀጥለው ጉዞ ግን ከምስጋናው ሁሉ ይበልጣል።

ስለ ደኅንነትም ነገር ዝም ብለን ልናልፍ አይገባንም፤ የወላጅ ፍርሃት ከፍቅር የመጣ ነውና። በ1993 በደቡብ እንግሊዝ በላይም የባሕር ወሽመጥ ተማሪዎች በታንኳ ሲማሩ ማዕበል ወሰዳቸውና አራት ወጣቶች ሞቱ። የእንግሊዝ ሕዝብ ከዚህ ኀዘን የተነሣ ልጆችን ሁሉ በቤት አልዘጋም፤ ነገር ግን በ1995 ሕግ አውጥቶ እንዲህ ያለ ትምህርት የሚሰጥ ቦታ እየተመረመረ ፈቃድ እንዲቀበል አደረገ። ከዚህ የምንማረው፥ የፍርሃት መድኃኒቱ መከልከል ሳይሆን መጠየቅና መቈጣጠር መሆኑን ነው። አባት ከመፈረሙ በፊት ልጆቹን የሚመራው ማን እንደ ሆነ፥ ለስንት ልጅ ስንት ጠባቂ እንዳለ፥ ዝናም ቢመጣ ወዴት እንደሚጠለሉ፥ ቢታመሙ በምን እንደሚመለሱ ሄዶ ይጠይቅ። ትምህርት ቤትም ይህን የሚጠይቅ አባት ሲመጣ ሊደሰት እንጂ ሊቈጣ አይገባውም።

ደግሞም የመስክ ትምህርት ለማግኘት ሁልጊዜ ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። በአዲስ አበባ የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2010 በኅብረት ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አለ። ስፋቱ ከ700 ሄክታር በላይ ነው፤ ቀድሞ ባሕር ዛፍ በሸፈነው ኰረብታ ላይ የአገራችን ዛፎች እየተተከሉበት ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ አገር የመጣ መሆኑን ልጅ በታሪክ ትምህርቱ ያነብባል፤ በዚያ ቆሞ ጽዱንና ወይራውን ከባሕር ዛፉ ጋራ ሲያስተያይ ግን ታሪኩን በዓይኑ ያየዋል። ከከተማ ርቀው ለሚሄዱት ደግሞ በ1969 የተከለለው፥ በ1978ም በዓለም ቅርስ መዝገብ የተጻፈው የስሜን ተራሮች ፓርክ አለ፤ ዋልያንና እንደ ከብት ሣር የሚግጠውን ጭላዳን በዚያ ማየት ይቻላል።

ከሁሉ የሚቀርበን ግን የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። በደቡብ ጐንደር ብዙው አገር እርሻና ግጦሽ ሆኖ ሳለ፥ የጥንቱ ደን በየአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ እንደ ደሴት ሆኖ ተጠብቆ ይገኛል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና አሜሪካዊቱ ማርጋሬት ሎውማን ከካህናቱና ከሕዝቡ ጋራ ሆነው ከብት ገብቶ ቡቃያውን እንዳይበላው በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲካብ አድርገዋል። ልጁን በበዓል ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስድ አባት፥ ከቅዳሴ በኋላ በቅጽሩ ውስጥ አንድ ዛፍ አሳይቶ ስሙን ቢጠይቀው፥ ባያውቀውም አብረው አንዱን ካህን ቢጠይቁ፥ እርሱ ራሱ የመስክ ትምህርት ነው።

እንግዲህ ለአባቶችና ለተከበራችሁ ወይዛዝርት የምናሳስበው ይህ ነው።

ልጅ ከመሄዱ በፊት፥ የሚሄድበት ቦታ ምን እንደሚመስል፥ ምን እንደሚበላና ወዴት እንደሚያርፍ ንገሩት። ፍርሃቱ ሲቀንስ ልቡ ለትምህርቱ ይከፈታል። ለጉዞውም ሊቈሽሽ የሚችል ልብስ አልብሱት፤ የክት ልብስ ያለበሰ ወላጅ ልጁ በጭቃ ቢመለስ ሊቈጣ አይገባውም።

በተመለሰ ጊዜ፥ አስቀድሞ እግሩ ይታጠብ፥ ምግብም ይብላ። ያመጣው ድንጋይ ወይም ቅጠል ቢሆን፥ ምንም የማይረባ ቢመስላችሁ፥ ሳይጠየቅ አይጣል። ለእርሱ መጽሐፉ ነው።

ስትጠይቁትም እንደ ፈታኝ አትጠይቁት። ምን አየህ፥ በእጅህ ምን ሠራህ፥ ምን አላስደሰተህም፥ ደግመህ ብትሄድ ምን ማወቅ ትወዳለህ በሉት። መልሱ አጭር ቢሆን አትቸኵሉ፤ የልጅ ነገር በማግሥቱ ወይም በሳምንቱ ይመጣል። ካላስደሰተውም ነገር እውነተኛውን ለይታችሁ ለትምህርት ቤቱ በትሕትና አሳውቁ።

በመጨረሻም በሜዳ ያየውን በቤት እንዲቀጥለው አንድ ትንሽ ሥራ ስጡት። አንድ ችግኝ፥ አንድ መደብ ጎመን፥ ወይም በመስኮት የሚያያቸውን ወፎች የሚጽፍበት ደብተር ይበቃል። በእሳቱ ላይ የሚጨመረው እንጨት ይህ ነው።

ወዳጃችንስ ምን አደረገ? በማግሥቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዶ ስለ ውኃው፥ ስለ መጸዳጃውና ስለ ጠባቂዎቹ ጠየቀ፤ አስተማሪዎቹም በመልካም ተቀብለው የሚያሰናዱትን ነገሩት። ማታ ከሥራ ሲመለስ ልጁን ጠርቶ «ያን የውኃውን ነገር ለእኔም አሳዪኝ» አላት። እናትዋ ራስዋ ሁለት ጆግ ውኃ አስቀድታ ሰጠቻት። ከቤቱ ጓሮ ገላጣውን መሬትና ሣር የበቀለበትን መርጣ፥ ቤተ ሰቡ ሁሉ ቆሞ ሲመለከት ውኃውን አፈሰሰችው። የወዳጃችን ጫማም በቀዩ ጭቃ ተበላሸ፤ ማንም ግን አልተቈጣም። ከዚያ በኋላ ወደ ቤት ገብቶ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ፈረመበት።

ልጅ «ደስ አለኝ» ብሎ ሲነግረን ጨዋታው አለቀ ማለቱ ሳይሆን፥ የምነግራችሁ አለኝ ማለቱ ነው። ቀጥለን እንድንጠይቀው ይጠብቃል።